ህዋስ፣ ህብረ ህዋስ፣ አካል፣ ሥርዓት፦ የመራቢያውን ማን ያስረዳኝ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ? ታናሽ ወንድሜን ለ8ኛ ክፍል ፈተና እያስጠናሁት ነው። ሳይንስ ላይ "ህዋስ፣ ህብረ ህዋስ፣ አካል፣ ሥርዓት" የሚል ነገር አለ። ጨጓራን ምሳሌ አድርገን ስንሄድ ሁሉም ግልጽ ነበር። ልብም አላስቸገረንም። የመራቢያ ሥርዓት ላይ ስንደርስ ደብተሩ ባዶ ሆነ። "ቲቸር ቤታችሁ አንብቡት ብሎ አለፈው" አለኝ። ማጠቃለያው ላይ ስዕል አለ፣ ቀስት አለ፣ ስም አለ። ምን ከምን እንደተሠራ ግን የለም።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ልጁ ደግሞ "ካልገባኝ አልሸመድድም" የሚል ዓይነት ነው። ከህዋሱ ጀምሮ፣ የወንዱንም የሴቷንም፣ ረጋ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ውለታው አለብኝ።

ቾክ_በእጄ (ደሴ)

እህቴ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ያን መምህር ብዙም አትፍረጂበት። ሃምሳ ጎረምሳ ፊት ቆመሽ "የዘር ፍሬ" ስትይ ሳቁ አንዴ ከተነሳ አይቆምም። እኔ መላው የገባኝ ከህዋስ ስጀምር ነው። በኒውክለስ የሚስቅ ልጅ የለም።

የሰውነታችን ህዋሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም 46 ክሮሞሶም (የውርስ መረጃ የተሸከሙ ክሮች) አላቸው። የዘር ህዋሶች ግን 23 ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ወንድምሽ ይህን ግማሽነት ከያዘ ሌላው ይቀለዋል። ጨጓራ ሥራውን ለብቻው ይጨርሳል፣ ሳንባም እንደዚያው። ሥራውን ለመጨረስ የሌላ ሰው አካል የሚፈልግ ሥርዓት ይህ ብቻ ነው።

የወንዱ ህዋስ ርዝመቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ጅራት። ጭንቅላቱ ውስጥ ክሮሞሶሞቹ ታጭቀዋል። ከፊቱ የእንቁላሏን ሽፋን ለማለፍ የሚረዱ ኢንዛይሞች የያዘ ቆብ አለ። አንገቱ ስር ጉልበት የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያዎች ተደርድረዋል። በቃ፣ ሌላ ስንቅ የለውም። የሴቷ እንቁላል ደግሞ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት። በሰው አካል ውስጥ ትልቋ ህዋስ እሷ ናት፤ ዓይኑ የበረታ ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጥብ ሊያያት ይችላል። ይህን ያህል የገዘፈችው ስንቅ ስለቋጠረች ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ህብረ ህዋስ። የወንድ የዘር ፍሬ ውስጡ በጣም ቀጫጭን ቱቦ ነው፣ ተጠቅልሎ ታጭቋል። ሁሉም ቢዘረጋ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። የቱቦው ግድግዳ ኤፒተልየም የሚባለው ህብረ ህዋስ ነው። ከግድግዳው ጠርዝ ያሉት ህዋሶች ይከፋፈላሉ። እየተከፋፈሉ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ። መሃል ሲደርሱ ጅራት አውጥተዋል። ሰርቶሊ የሚባሉ ህዋሶች በመንገዱ ሁሉ ይመግቧቸዋል። ከቱቦ ቱቦ መካከል ደግሞ ላይዲግ የሚባሉ ህዋሶች ተቀምጠው ቴስቶስትሮን ያመርታሉ። ይህ ሁሉ ከአያያዥ ህብረ ህዋስ፣ ከደም ስርና ከነርቭ ጋር በአንድ ጠንካራ ሽፋን ሲታሸግ አካል ሆነ፤ የዘር ፍሬ።

እዚያ የወጣው ገና መዋኘት አይችልም። ከዘር ፍሬው ጀርባ ኤፒዲዲሚስ የሚባል ቱቦ አለ፣ ቢዘረጋ 6 ሜትር ገደማ። በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይበስላል። ከዚያ ወፍራም ጡንቻ ያለው የዘር መተላለፊያ ቱቦ ይቀበለዋል። ወደ ፊኛ ጀርባ ሲደርስ ሁለት ከረጢት መሰል እጢዎችና ፕሮስቴት ፈሳሽ ይጨምሩበታል። ከሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ አብዛኛው የነዚህ እጢዎች ነው፤ ከዘር ፍሬ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው። ቱቦውን በቀዶ ጥገና ያስቋጠረ ሰው ልዩነት የማያይበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሴቷን ማታ እመለስበታለሁ፤ ክፍል ደረሰብኝ።

ባቲ_ሰኞ

6 ሜትር?! የሰኞ ገበያ ገመድ ነጋዴ እንኳን ይህን ያህል አይጠቀልልም።

ቲቸር አንድ ጥያቄ አለችኝ። ሙቀት የወንድን ዘር ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እኛ ባቲና ከሚሴ ያለነው አልቆልናል ማለት ነው? ቆላው ግን በልጅ ተሞልቶ ነው የማየው።

ቾክ_በእጄ (ደሴ)

ሃሃ፣ አብሽር፣ አላለቀላችሁም። የዘር ፍሬ ከሰውነት ሙቀት በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ለዚያ ነው ከሆድ ውጭ በከረጢት የተንጠለጠለው። ሲሞቅ ጡንቻው ይላላና ከሰውነት ያርቀዋል። ሲበርድ ይሰበስበዋል። የጦሳ ብርድም የባቲ ፀሐይም ይህን አያሸንፈውም። የሚያሳስበው የአየሩ ጠባይ ሳይሆን የገዛ ሰውነት ትኩሳት ነው።

በነገራችን ላይ ወላጅ የሆናችሁ ልብ በሉ። ወንድ ልጅ ፅንስ ሳለ የዘር ፍሬዎቹ ሆዱ ውስጥ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዱ በፊት ይወርዳሉ። አንዳንዱ ላይ አንዱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ልጃችሁን ስታጥቡ ሁለቱም መኖራቸውን ዳብሱ። 6 ወር አልፎት ካልወረደ ሐኪም ይየው፤ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ገና በጨቅላነቱ ነው የሚሠራው። "ሲያድግ ይወርዳል" ተብሎ ትምህርት ቤት እስኪገባ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም።

ዝም_ይሻላል

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ በአደባባይ የሚወራ ነው? እህትየዋ ለ14 ዓመት ልጅ ነው የምታስረዳው። ድሮ እኛ ሳናውቀው አድገን ወልደናል። ነውር የሚባል ነገር አለ።

ደረሳው (ወረባቦ)

ወንድሜ ሆይ፣ ከነውሩ ጋር ጠብ የለኝም። ግን እኛ ኪታብ ቤት ደረሳ ሳለን የሐይድ ምዕራፍ ተቀርቶልናል። የወር አበባ ስንት ቀን ይቆያል፣ ከበሽታ ደም በምን ይለያል፣ ሶላት መቼ ይመለሳል፣ ሁሉም በዝርዝር ነው። ሸሆቹ በአደብ ያስቀሩን ነበር እንጂ አልዘለሉትም። ቤተ ክርስቲያንም ስለ 40 እና 80 ቀን ሥርዓት አላት። ዲኑ ያልፈራውን እኛ ምን አስፈራን?

ዝም_ይሻላል

በአደብ ከሆነ እሺ። አፈጣጠሩን መማር ሐራም ነው አላልኩም።

ሐይቅ_ዳር

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ቲቸር ለወንዱ ይህን ሁሉ አንቀጽ ከሰጠ በኋላ ለሴቷ "ማታ" ብሎ ሄደ። እኔ ልቀጥል።

ኦቫሪ ከማህፀን ግራና ቀኝ አሉ። እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። እንቁላል እዚያ ውስጥ ብቻዋን አትቀመጥም። አጃቢ ህዋሶች ከበዋታል። እንቁላሏና አጃቢዎቿ አንድ ላይ ፎሊክል ይባላሉ። አጃቢዎቹ ሲያድጉ ኤስትሮጅን ያመርታሉ። እንቁላሏ ስትወጣ እነሱ አይሞቱም። ቢጫ መሰል እጢ ሆነው ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራሉ፤ የማህፀኑን ምንጣፍ ለእንግዳ የሚያደላድለው ይህ ሆርሞን ነው።

ወንድምሽ ከወደደው ይህን ንገሪው። ወንድ ከጉርምስና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ዘር ያመርታል። ሴት አታመርትም። የእንቁላል ዘሮቿ ቁጥር ጣሪያ የሚነካው ራሷ በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። በ5ኛው ወር ገደማ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ወይም 400 ሺህ ናቸው። ከነዚያ ውስጥ በዕድሜዋ ሙሉ የሚለቀቁት 400 ወይም 500 ያህል ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በየጊዜው ይከስማሉ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር 77 ይመጣብኛል። በዚያ ድርቅ የራያ ወይም የአምባሰል እናት ሴት ልጅ አርግዛ ከነበር፣ ዛሬ በእጇ የሚያድጉት የልጅ ልጆቿ የተገኙባቸው እንቁላሎች ያኔውኑ በዚያች ፅንስ ውስጥ ነበሩ። ሦስት ትውልድ በአንድ የተራበ ሆድ።

እንቁላሏን ወደ ማህፀን የሚወስደው ቱቦ ላይ ስዕሎቹ ያሳስታሉ። ከኦቫሪው ጋር የተጣበቀ ያስመስሉታል። አልተጣበቀም። ጫፉ ጣት ጣት ያለው ዘርፍ ነው፤ እንቁላሏ ስትወጣ ጠርጎ ይቀበላታል። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ውስጡ የተለበጠው ጥቃቅን ፀጉር ባላቸው ህዋሶች ነው። እንቁላሏ ጅራት ስለሌላት በነዚያ ፀጉሮች እርግብግቢትና በግድግዳው ጡንቻ ነው የምትገፋው። ፅንሰት የሚፈጠረው ማህፀን ውስጥ አይደለም፣ እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ የሚያበላሹት በትክክል ይህን ለበስ ነው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳን አይሰጥም። ፀጉሮቹ ከጠፉ ወይም ቱቦው ከጠበበ ፅንሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ነው ከማህፀን ውጭ እርግዝና የሚባለው። በወር አበባ መቅረት ላይ በአንድ ጎን ኃይለኛ የሆድ ሕመምና ራስን መሳት ከመጣ ለነገ አይባልም።

ማህፀን ያላረገዘች ሴት ላይ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ንብርብር አለው። የውስጡ ምንጣፍ በየወሩ የሚረግፈው ነው። ሁሉም አይረግፍም፤ ከስሩ የሚቀረው ክፍል እንደገና ያበቅለዋል። የውጭው ስስ ሽፋን ነው። መሃለኛውን ግን እኔ ዝም ብዬ አላልፈውም። ጡንቻ ነው፣ ክሮቹ በየአቅጣጫው ተጠላልፈዋል። የደም ስሮቹ በነዚያ ክሮች መካከል ነው የሚያልፉት። እናት ከወለደችና እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ጡንቻው ሲኮማተር ክሮቹ ደም ስሮቹን ያንቃሉ፣ መድማቱ ይቆማል። ካልተኮማተረ ይፈሳል፣ በጣም በፍጥነት። ከወሊድ በኋላ ኦክሲቶሲን የምንወጋውና ማህፀኑ ጠንክሮ እንደሆነ ሆዷን የምንዳብሰው ለዚህ ነው። እቤት የሚወልዱ እናቶች ዘመዶች "ሆዷን ለምን ትነካካላችሁ" ብለው ይቆጡናል። ምክንያቱ የጡንቻ ክር አቀማመጥ ነው።

ሐይቅ_ዳር

ቀጣይ ነው፣ አንድ ላይ አልበቃ አለኝ።

የማህፀን በር ሁለት ዓይነት ለበስ የሚገናኝበት ቦታ አለው። ከውጭ የሚመጣው ብዙ ድርብ ያለው ነው፣ ከውስጥ የሚመጣው አንድ ድርብ ብቻ። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ መገናኛ ላይ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ የተለወጠው ክፍል ይነጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች በአቅራቢያችሁ ጠይቁ። የመከላከያ ክትባቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 በእኛ አቆጣጠር ነው። የልጁ እኩያ እህት ካለችው ታስብበት።

ብልት ውስጥ ደግሞ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከግድግዳው የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ አሲዱ በሽታ አምጪውን ያባርራል። ስለዚህ ውስጡን በሳሙና ማጠብ ጉዳት ነው። ከውጭ ውሃ ይበቃል።

ከውጭ ያለውን ብዙ ስዕል ጨርሶ ይዘለዋል። ቂንጥር ከወንዱ ብልት ጋር ከአንድ የፅንስ ቡቃያ ነው የሚያድገው፤ በነርቭ የተሞላ አካል ነው። የሴት ልጅ ግርዛት የሚቆርጠው እሱን ነው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 የሚያስቀጣ ነው። ጠባሳው ደግሞ ምጥ ላይ የሚያስከትለውን እኛ ነን የምናየው።

ቾክ_በእጄ (ደሴ)

ማታ ልመለስበት ያልኩትን ተቀማሁ። እሰይ፣ ከኔ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለፈተና እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ነው።

ሐይቅ_ዳር

ቲቸር፣ እሱን እዚህ አትጻፈው! በዚያ ቁጥር ተቆጥሮ ስንቱ ያልታሰበ እርግዝና እኔ ጋ መጥቷል። 14ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ብዙም የማይለዋወጠው ከእንቁላል መውጣት እስከሚቀጥለው ወር አበባ ያለው ጊዜ ነው፣ እሱ 14 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ 35 ቀን ላላት ሴት እንቁላሏ የምትወጣው በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው። እንቁላል የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊጠብቅ ይችላል።

ቾክ_በእጄ (ደሴ)

ልክ ነሽ፣ ሕይወት ላይ እንዳልሽው ነው። ጥያቄው "28 ቀን ዑደት ላላት ሴት" ካለ ግን ልጁ 14 ያጥቁር።

የወረኢሉ_እናት

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሐኪሟ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ሁሉንም አስነበበችኝ። አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ስምንት የወለደች። ማህፀኗ ወርዷል፣ እንጨት ስትሸከም ይወጣል። ወጌሻ እያሸችላት ነው፣ ይመለስና ደግሞ ይወጣል። ማህፀንን የያዘው ምንድን ነው? ለምን አይጸናም?

ሐይቅ_ዳር

እማማ፣ ጥያቄዎ የህብረ ህዋስ ጥያቄ ነው። ማህፀን የሚቆመው በጅማቶችና ከስሩ እንደ ወለል በተዘረጋ የዳሌ ጡንቻ ነው። ብዙ ወሊድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ገና ከአራስነት ሳይወጡ ሸክም፣ እነዚህ ጅማቱን ያላሉታል፣ ጡንቻውንም ይቀዱታል። ዕድሜ ሲገፋ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ ይብሳል። ማሸት የላላ ጅማትን አያጠብቅም፣ ሊያቆስላት ግን ይችላል።

እሷ ያለችበት ደረጃ መታየት አለበት። ቀላል ከሆነ የጡንቻ ልምምድ ይረዳታል። ከፍ ካለ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀለበት አለ። ከባድ ከሆነ ቀዶ ጥገና አለ፣ ይድናል። ይህን እንደ ዕድሏ ቆጥራ ተደብቃ እንዳትኖር። እርስዎ ቢያጅቧት ትመጣለች፤ ብዙዎቹ የሚቀሩት ብቻቸውን መምጣት አፍረው ነው።

ስሜን_አልጽፍም (ወልድያ አካባቢ)

እኔም ከተከፈተ አይቀር ልጠይቅ። ከተጋባን ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ልጅ የለም። ቤተሰቤ ጥፋቱን እሷ ላይ ጥሏል። ጠበል ሄዳለች። ዱዓም አስደርገናል። እሷን ደጋግመው መርምረው "ምንም የለባትም" ብለውናል። አሁን እናቴ ሌላ አግባ ማለት ጀምራለች። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ምንም አያመኝም፣ ጉልበቴም ሙሉ ነው። እዚህ የተጻፈውን ሳነብ ግን ያ ኤፒዲዲሚስ ያላችሁት ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

ኮምቦልቻ_ላብ

ወንድሜ፣ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። በየጊዜው የሚገባኝ ታሪክ ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች ውስጥ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ። ጉልበት ሌላ ነው፣ ዘር ሌላ ነው። ቲቸር እንዳለው ፈሳሹን የሚያበዙት እጢዎቹ ናቸው፤ ፈሳሹ ሙሉ ሆኖ ውስጡ አንድም ዘር ላይኖር ይችላል። በዓይን አይታይም፣ በስሜትም አይታወቅም።

አስገራሚው የሷ ምርመራ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ አንዳንዴም ቱቦ በራጅ ነው። ያንተ አንድ ብልቃጥ ነው። ያም ሆኖ መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ናት!

ከመምጣትህ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ፣ በመንገድም አይቀዝቅዝ። እኛ የምናየው መጠኑን፣ ብዛቱን፣ እንቅስቃሴውንና ቅርጹን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፣ ከዘሮቹም 42 ከመቶው የሚንቀሳቀሱ። ከዚያ በታች መሆን መሃንነት ማለት አይደለም፣ መታከም ያለበት ምልክት ነው። አንድ ውጤት ደግሞ ፍርድ አይሆንም፤ ይደገማል።

በቅርብ ወባ ይዞህ ነበር? የምጠይቅህ አንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ ነው። ዛሬ የማየው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ሰውነትህን ነው። በዚያ ጊዜ ኃይለኛ ትኩሳት ከነበረህ ውጤቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል፣ በኋላ ይስተካከላል።

ስሜን_አልጽፍም (ወልድያ አካባቢ)

ወባስ ክረምት ሲወጣ ይዞኝ ነበር። ግን ከዚያ በፊትም ልጅ አልነበረም። ምንም ዘር የለም ቢባልስ? አለቀ ማለት ነው?

ኮምቦልቻ_ላብ

አላለቀም። ዘር የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። ወይ እየተመረተ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ ምርቱ ራሱ ቆሟል። የሚለየው በሐኪም ዳሰሳና በደም ምርመራ ነው። ኤፍ ኤስ ኤች የሚባል ሆርሞን አለ፣ ከአንጎል ስር ካለችው ፒቱታሪ እጢ ይመጣል። የዘር ፍሬው ሲደክም ፒቱታሪ ትእዛዟን ታበዛለች፣ ሆርሞኑ ይንራል። መንገዱ ብቻ ከተዘጋ ብዙውን ጊዜ መደበኛ ነው። ሆርሞኑ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ጉድለቱ ከላይ ነው፣ ያ በመድኃኒት የሚታከም ነው። እንደ ምክንያቱ ሕክምናው ይለያያል።

ብረት_አንሺው (ደሴ)

ይቅርታ መሃል ገባሁ። ጂም ቤት አንድ ልጅ ቴስቶስትሮን መርፌ ይሸጣል። ወንድነት ይጨምራል ይላል። ለዚህ ወንድማችን አይጠቅመውም?

ኮምቦልቻ_ላብ

በጭራሽ! ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል "በቂ አለ" ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። የዘር ፍሬው ሥራ ይፈታል። ጡንቻው እያበጠ ዘሩ ወደ ዜሮ የወረደ ሰው በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። አንተም ከወሰድክ ተወው። ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ኧረ ወላሂ ይህ ክር ከእኔ ጥያቄ በላይ ሄደ፣ ደስ ብሎኛል። ወንድሜ ሁሉንም አነበበ። (የግርዛቱንም፣ የጂሙንም። አላስቀረሁበትም።) አሁን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ "አንጎል ካዘዘ ለምን ከመራቢያ ሥርዓት ውስጥ አልተቆጠረም?" ደግሞ "ወንድና ሴት ከመጀመሪያው ይለያያሉ ወይ?" ይላል።

ቾክ_በእጄ (ደሴ)

ይህ ልጅ ክፍሌ ቢሆን ደስታዬ ነው።

አንጎል በሌላ ሥርዓት ስለተመዘገበ ነው እንጂ ያለሱ ምንም አይንቀሳቀስም። ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል በየተወሰነ ደቂቃ ፒቱታሪን በሆርሞን ይነካታል። እሷ ሁለት ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ሁለቱም በወንድም በሴትም አንድ ናቸው፣ የሚያርፉበት አካል ነው የሚለየው። ወንዱ ላይ አንዱ ሰርቶሊን፣ ሌላው ላይዲግን ያነቃል። ሴቷ ላይ ፎሊክል ያሳድጋሉ፣ ከዚያ አንዱ በድንገት ሲያሻቅብ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ እንቁላሏ ትወጣለች። ከታች ያሉት አካላት ደግሞ በራሳቸው ሆርሞን መልስ ይልካሉ። ሴት በጣም ከከሳች ወይም ከባድ ጭንቀት ካለባት ወር አበባዋ የሚቀረው ኦቫሪዋ ታሞ ሳይሆን ከላይ ያለው ትእዛዝ ስለሚቆም ነው። ሥርዓቶች በመጽሐፍ ላይ ምዕራፍ ምዕራፍ ይከፈላሉ፤ ሰውነት ላይ እንዲህ ያለ አጥር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ። እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ፅንሱ ላይ ያለው የዘር እጢ ወደ ሁለቱም መሄድ የሚችል ነው። ዋይ ክሮሞሶም ካለ በላዩ ያለ አንድ ጂን ወደ ዘር ፍሬ ይመራዋል። ጂኑ የተገኘው በ1990 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከሌለ ወደ ኦቫሪ ያድጋል። ያ ዋይ ደግሞ የሚመጣው ከአባት ብቻ ነው። ሴት ልጅ ብቻ ወለደች ተብላ የምትወቀስ እናት ካለች ይህን አንቀጽ ለባሏ አስነብቡት።

ስሜን_አልጽፍም (ወልድያ አካባቢ)

ለባለቤቴ ሁሉንም አሳየኋት። ብዙ አልተናገረችም፣ "ታዲያ መቼ ነው የምትሄደው" ብቻ አለች። ሐሙስ ደሴ እወርዳለሁ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኩም።

ኮምቦልቻ_ላብ

ጠዋት ብትገባ ጥሩ ነው፣ ቤተ ሙከራው ሰው ሳይበዛበት። ከምታድርበት ይዘህ የምትመጣ ከሆነ ብልቃጡን ቀድመህ ከእነሱ ውሰድ፣ በኮንዶም እንዳትሰበስብ፣ የኮንዶም ቅባት ዘሩን ሊጎዳ ይችላል። ስትመጣ ብልቃጡን በውስጥ ኪስህ፣ ከሰውነትህ አጠገብ ያዘው። የደሴ ጠዋት ብርዱን ታውቀዋለህ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

መልካሙን ያሰማህ ወንድሜ። የኛው ሰውዬ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ ብሏል፦ ጡት የመራቢያ አካል ነው ወይስ አይደለም? ማጠቃለያው ላይ አንዱ ገጽ ቆጥሮታል፣ ሌላው አልቆጠረውም።

ሐይቅ_ዳር

አጋዥ አካል ብሎ ይጻፍ። ጡት ከላብ እጢ ጋር የሚዛመድ የቆዳ እጢ ነው። ፅንሰት ላይ ድርሻ የለውም። ግን የሚታዘዘው በነዚያው ሆርሞኖች ነው። ወተቱን የሚያሠራው ፕሮላክቲን ነው፣ የሚያስወጣው ኦክሲቶሲን። ሕፃኑ ሲጠባ የሚለቀቀው ይኸው ኦክሲቶሲን ማህፀኑንም ያኮማትረዋል። እንደተወለደ ወዲያው ጡት ይያዝ የምንለው ለሕፃኑም ለእናቲቱም ደም ነው። ፈተናው ላይ "አጋዥ" የሚል ምርጫ ከሌለ ቲቸር ይንገርህ፣ እኔ የማርክ ሰው አይደለሁም።